ግራጫው ላይ የታየው ክብ

ማክሰኞ

ሞኒተሬን አልሰጥም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሄጄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዘበኛው የቢሮው በር ላይ አቆመኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ እስኪወጣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ደረሰኙን ይዘሽ ነይ» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። የገዛሁበት የድንበሩ ቶጎጫሌ ገበያ ላይ ለአሮጌ ዕቃ ደረሰኝ የሚቆርጥ እንደሌለ ጅግጅጋ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ስለሚያውቅ ነው የጠየቀኝ።

ሞኒተሩ የእኔ ነው። ለጌም የተሠራ፣ ጎበጥ ያለ፣ ከተለመደው በጣም የሰፋ፣ ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ስክሪን። ከቤቴ እሠራበት ወደነበረው ዲዛይን ቢሮ የወሰድኩት ራሴ ነኝ፤ የቢሮው ስክሪን ላይ አንድ ፕላን ሙሉውን አይታይማ። ሞኝ!

ባለፈው ወር የአንድ ክሊኒክ ዲዛይን ለደንበኛው ቀረበ። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የእኔ ሥራ። «ያዘጋጀው» የሚለው ቦታ ላይ የአቶ ደረጀ የወንድም ልጅ ስም ተጽፏል። «ይሄ የእኔ ነው» አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። በማግስቱ እንዳትመጪ ተባልኩ። ሞኒተሩ እዚያው ቀረ።

ያለ እሱ የራሴን ሥራ መጀመር አልችልም። ላፕቶፔ ላይ ደረጃ ስስል ግድግዳው ይጠፋብኛል። እናቴ ባዶው ጠረጴዛ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ልታደርግ መጣች። አይሆንም፣ ባለቤት አለው አልኳት።

ረቡዕ

ሆዳን ደወለች። አሁንም እዚያው ደረጀ ቢሮ ጸሐፊ ናት።

«አባዮ፣ ተቀመጪ» አለች። እህቴ ማለቷ ነው፤ ክፉ ወሬ ስትይዝ ሁሌ አባዮ ትለኛለች።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ደረጀ ሞኒተሩን ወደ ራሱ ክፍል ወስዶታል። የግቢውን አራት ካሜራ ያይበታል። ቀንም ሌሊትም። አያጠፋውም።

አበድኩ። ኦሌድ እንዲህ አይያዝም! እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ነው የምታበራው። አንድ ምስል ሳይንቀሳቀስ ከቆየባት ትደክማለች፣ ጥላው ይቀርባታል። እኔ እንዴት ነበር የምይዘው፦

— የጀርባው ምስል ጥቁር፣ ምንም የሌለበት
— የፕሮግራሞቹ መስመር የተደበቀ
— ውኃ ልጠጣ ስነሳ እንኳ ይጠፋል
— ከጠፋ በኋላ ራሱን ሲያድስ ከሶኬት አይነቀልም (መብራት ሲሄድስ? ስንቴ መሀል ላይ ጥሎናል)

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ጠባሳ አለበት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ክረምት የመኪና ውድድር ጌም ላይ ተጥጄ ከረምኩና የፍጥነት መለኪያው ክብ በስተቀኝ ከታች ታትሞ ቀረ። የሚታየው ስክሪኑ ሙሉ ግራጫ ሲሆን ብቻ ነው። በማዕረግ የተመረቀች ሴት፣ መኪና ስትነዳ ዕቃዋን ያበላሸች። እንዴት ይነገራል?

እሱ ደግሞ ካሜራ ያትምበታል። የእኔን ይሁን፣ የእሱን ግን አልችልም።

ሐሙስ

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቶጎጫሌ። ኤዶ ሳህራ ጋ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ገበያው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ሞኒተሩን የሸጠችልኝ እሷ ናት፣ ያገለገለ፣ ያለ ካርቶን።

«አንድ ወረቀት ጻፊልኝ» አልኳት።

ሳቀች። «እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሐፊ የሆንኩት? ዛሬ ብጽፈውስ፣ ዛሬ የተጻፈ ነው አይልሽም?»

«ይላል።»

«ግመል ቢጠፋብሽ ወረቀት ታሳያለሽ? ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት ትናገሪያለሽ እንጂ። ግን ሳታይው በፊት፣ ሰው ፊት። ካየሽው በኋላማ ሌባውም ይናገራል። ያንቺ ምልክት የለውም?»

የለውም ብዬ ተነሳሁ። ተናድጄ። ግመል ትለኛለች!

ስመለስ መንገድ ላይ ፍተሻው ጋ፣ የጭነት መኪኖቹ ኋላ ተሰልፈን ስንጠብቅ «አለው!» ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ የፓስታ ካርቶኗን እቅፍ አደረገችው።

ዓርብ

ጠዋት ሐጂ ኑር ዘንድ ሄድኩ። የቢሮው ሕንፃ የእሳቸው ነው፤ ደረጀ ተከራይ ነው። ወረቀት ላይ ስክሪኑን ሳልኩ፣ በስተቀኝ ከታች ክቡን፣ ክቡ ጫፍ ላይ የመለኪያውን የመጨረሻ ቁጥር፣ 320 ጻፍኩ። አጥፌ ሰጠኋቸው። ኤዶ ሳህራ ያለችውንም ነገርኳቸው። ሳይከፍቱት ኪሳቸው ከተቱት።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብረን ደረጀ ክፍል ገባን፤ ሆዳንም ተከተለችን። ሐጂ ዕቃው ምልክት እንዳለውና ሳላየው ስዬ እንደሰጠኋቸው ነገሩት።

«ሐጂ፣ ለዚህች ልጅ ብለው ደከሙ?» አለ ደረጀ። «ዕቃው የቢሮው ነው። ምልክት የምትለውስ ምንድን ነው? ግመል ነው እንዴ?»

«ግመል ቢሆንማ እስካሁን መልሰህ ነበር» አሉት።

ሐጂ ሲያዟት ሆዳን ካሜራዎቹን ዘግታ ስክሪኑን ሙሉ ግራጫ አደረገችው። መጀመሪያ ያየሁት መስቀለኛውን መስመር ነው። አራቱ ካሜራ የተከፋፈሉበት፣ መሀል ለመሀል፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ሐጂ ጎንበስ አሉ፣ ወረቀቱን ዘረጉ፣ ጣታቸውን በስተቀኝ ከታች አሳረፉ። ክቡ አለ። ደብዘዝ ብሎ፣ ከነ320ው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ጠየቁ፤ እሱን ነው የጠየቁት።

«የ... የዲዛይን ፕሮግራሙ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ነደደ። «የመኪና ፍጥነት መለኪያ ነው፣ ሐጂ። ጌም። ቤቴ ስጫወት የታተመ።»

ደረጀ ከት ብሎ ሳቀ። «ጌም! መሐንዲስ ነኝ የምትለው ይቺ ናት!»

«ነኝ። በሦስት መቶ ሃያም እነዳለሁ። እርስዎስ የትኛው ፕሮግራም ነው 320 የሚልዎት? ያሳዩን።»

ሐጂ ወረቀቱን አጠፉ። «ደረጀ፣ እዚህ ቢሮ መኪና የሚነዳበት ክፍል አከራይቼሃለሁ?»

ሆዳን ናት ገመዱን የነቀለችው። ሳትታዘዝ።

ባጃጁ ውስጥ በእኔና በሆዳን ጭን ላይ አጋደምነው፤ በሁለቱም በኩል ወጣ። ሹፌሩ «ይሄ በር ነው ወይስ መስኮት?» አለ። የክሊኒኩ ዲዛይን ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የእኔ አይደለም። ይህን ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ምልክት የለውማ።

ቅዳሜ

ሞኒተሩ ቤት ነው። እናቴ ጨርቋን ይዛ ስትጠጋ ጮኽኩባት፤ ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

የታተመውን የሚያሳሳውን ረጅሙን ማደሻ ጀመርኩለት። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መነካት የለበትም። የሞኒተሩን ትንሽ መብራት እያየሁ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር። የሰፈሩ መብራት ሄደ።

ከምሳ በኋላ መጣ። ግራጫውን ከፈትኩ። ክቡ አለ። መስቀሉም አለ፤ ሳስቷል መሰለኝ፣ ወይም ዓይኔ ነው። ሁለታችንም ታትመንበታል፣ እኔና ደረጀ። ነገ እንደገና እሞክራለሁ።

አዲስ ሥዕል ከፈትኩ። ገና ባዶ ነው፣ ደንበኛም የለውም። ጥግ ላይ «ያዘጋጀችው» ብዬ ስሜን ጻፍኩ፦ ትርሲት። እንደ ልማዴ ልደብቀው እጄን ሰደድኩ። እንዳይታተም።

እጄን መለስኩ። ይቆይ።