በምስጋና ያመለጠኝ የካሳቫ መላጫ

የእህቴ ልጅ አዱሴይ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ብርዱም ይራራልህ። እኛ ከነንዴታችን ደህና ነን።

የሠራሁት የካሳቫ መላጫ ማሽን የፈጠራ መብት ያገኝ እንደሆነ ልጠይቅ ኩማሲ ከተማ ሄድኩ። ክፍያው ሁለቱን ፍየሎቼን የሚያስሸጥ ነው፤ እሱስ ይሁን። እዚያ ያማከርኳት ጠበቃ «አባባ፣ ማሽኑን ሰው አይቶታል?» አለችኝ። እኔ ጅሉ «እንዴታ! የዛሬ ሁለት ዓመት ለመከር ምስጋና ቤተ ክርስቲያን ወስጄው፣ ምእመኑ እየጨፈረ መርቆታል» አልኳት።

«እንግዲያው ሕዝብ ያየው አዲስ ነገር አይደለም፤ መብቱ አይገኝም» ብላኝ እርፍ!

ደሜ ፈላ! የሰፈራችን ብረት በያጅ ያምፎ ያን ቀን ከፊት ወንበር ያየውን ሠርቶ ይሸጣል፤ ጭራሽ «ጋሼ፣ መላጫ ልሽጥልህ?» ይለኛል። እግዜርን አመሰግናለሁ ብዬ ሌባ አስመረቅሁ!

አሁን ልጦ የሚያጥብ ሌላ ማሽን እየሠራሁ መኝታ ቤቴ ቆልፌበታለሁ። እናትህ «ሳይባረክ?» ብላ አኩርፋለች።

ፈጣሪ ይጠብቅህ ልጄ። አንተ ከሩቅ መርቅልኝ፤ ፎቶውን ላክልኝ ብለህ ግን፣ አደራ፣ እንዳታስቸግረኝ።

አጎትህ ኦሴይ