ስለ ሰባ አንዱ የጠፉ የተበላ መንደር በሽተኞች

ይድረስ ለክቡር የጤና ርዳታ ሹም
ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ ይሁን እያልሁ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። እኔ እዚሁ ሶዶ ከቢሮዎ ቁልቁል የምኖር፣ አስተማሪዎቼ «ይህች ልጅ ብዕር ካነሣች አታስቀምጥም» እያሉ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ሴት ነኝ። ቆላ ወርዶ በሁምቦ አገር፣ ተበላ በምትባል መንደር ትንሽ ሐኪም ቤት ላለው ለአስታማሚው ለአቶ ደገፉ ደብዳቤ የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ የእርሱ እጅ ቁስል ማሰር እንጂ ብዕር አይሆንለትም። ለአምስት ማመልከቻዎቼ መልስ ባጣሁ ጊዜ መሳቢያዎ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ስለተረዳሁ፣ የዚህን ግልባጭ ለጋዜጣ ልኬአለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሮዎ አንድ ሣጥን የንዳድ ኪኒንና ሁለት አልጋ ሲሰጠን፣ የደገፉ ሐኪም ቤት አንዲት ክፍል ያላት ሣር ቤት ነበረች። በዚያ ርዳታ የዳነው ሰው አንዱ ሣር አጨደ፣ ሌላው ግድግዳ መረገ፣ ሁለተኛ ክፍል ተጨመረ፤ የሁምቦ ሰውም ንዳድ ሲይዘው እድናለሁ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ትንሽ ርዳታ ምን ያህል እንደምታሳድግ ያሳዩን እርስዎ ነዎት። ቀጥሎ የመጣው ርዳታ ባይመጣ ኖሮ ደብዳቤዬም በምስጋና ባለቀ ነበር።

አቤቱታዎቼ እነሆ።

፩ኛ። በጥር ወር ጸሐፊዎ አቶ ጉልላት በሽተኛ ሊቆጥሩ ወረዱ፤ የወረዱትም በተበላ ገበያ ቀን ነው። በዚህ አገር ሰው ሲታመም ብቻውን አይሄድም፤ አራቱ ቃሬዛውን ይሸከማሉ፣ አራቱ ለመቀባበል ይከተላሉ፣ አማቹም ጎረቤቱም ስንቅ ይዞ ይመጣል፣ ደግሞም በሽተኛው ሳይመለስ ማንም አይመለስም። አቶ ጉልላት ከሐኪም ቤቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር የተጋደመውን ሁሉ፣ ገበያተኛውንና መንገድ አድክሞት ያንቀላፋውን ተሸካሚ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ቆጥረው «ሰባ ሦስት በሽተኛ» ብለው ጻፉ። ደገፉ በሽተኞቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ቢነግራቸው፣ ስለ ትሕትናው አመስግነውት በቅሏቸው ላይ ወጡ።

፪ኛ። ቢሮዎ በእድገታችን እጅግ ተደሰተ። በደንቡ ከስድሳ በላይ በሽተኛ ያለበት ቤት ሆስፒታል ስለሆነ፣ ሆስፒታልም ከሁሉ በፊት አልጋ ስለሚያሻው፣ በሚያዝያ በኪኒኑ ፋንታ ዐሥር የብረት አልጋ ላኩልን። ቤቷ ከሁለቱ አልጋዎቿ ሌላ ስለማትችል ዐሥሩ ዋርካው ሥር ተዘረጉ። ዶሮዎቹ ወደዷቸው። ንዳድ የያዘው ሰው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አልጋ ሊውጥ አይችልም።

፫ኛ። ይህኛው ያስቀኛልም ያንገበግበኛልም። በሰኔ ሁለተኛው ተመልካችዎ ገበያ በሌለበት ቀን ወርደው ሁለት በሽተኛና ዐሥር ባዶ አልጋ አገኙ። ወዲያው «የጠፉት ሰባ አንድ በሽተኞች ተፈልገው እስኪቀርቡ ርዳታው ይታገድ» የሚል፣ ያማረ ፊርማዎ ያረፈበት ወረቀት ደረሰን። ሰዎቹ አልጠፉም፤ በቆሏቸውን እየኮተኮቱ ነው። ለቢሮው ሲባል ጥቂት እንዲታመሙ ብንለምናቸው፣ ኪኒን በሌለበት አገር መታመም አንደፍርም ብለውናል።

፬ኛ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ በመስከረም የዝናቡ ውኃ በየጉድጓዱ ሲቋጠር ንዳዱ ይነሣል። ተበላ ላይ ቦሼ የምትባል ሴት አለች። ልጇ ሽታዬ አምና ንዳድ ጥሏት በደገፉ የመጨረሻ ኪኒኖች ተረፈች፤ ዘንድሮ በመስከረም የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። የእግዱን ወረቀት ለቦሼ አነበብሁላት። እርሷና ጎረቤቶቿ በመስከረም ለሚውለው ለአዲስ ዓመታቸው ለጊፋታ በዓል፣ የእንሰቱን ምግብ ሙቿን ሊለውሱበት ዓመቱን ሙሉ በየተራ ያጠራቀሙት፣ ባል እንኳ የማይነካው ቅቤ ነበራቸው። ሴቶቹን ሰበሰበችና «ዘንድሮ ሙቿችንን ደረቁን እንበላዋለን» አለች። አንዷም አልተከራከረቻትም። ቅቤው ሶዶ ወጥቶ ተሸጠ፤ ትናንት ኪኒኑ ተገዝቶ ወደ ተበላ ገባ። እኔም አብሬ ወርጄ ሽታዬ ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ስትስቅ አይቻለሁ። ደብዳቤዬ የረዘመው ከዚያ ደስታ የተነሣ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ነገር ግን የእነዚህ ሴቶች ቅቤ እስከ ኅዳር አያደርሰንም። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆስፒታልነታችንን በቸርነትዎ ይሻሩልንና ትንሿን ሣጥን እንደ ቀድሞው ይላኩልን።

ለመርሳት ያልታደለች፣ ነገር ግን መልስዎን ለመጠበቅ የሠለጠነች፣ እስከ ወለሉ ጎንበስ ብላ የምትሰናበትዎ፣

ሳህሊቱ ሰብስቤ
ሶዶ፣ ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዐሥሩን አልጋዎች በሚመጣው ሳምንት በአክብሮት እንመልሳለን። እያንዳንዱን አልጋ አራት አራት ሰው ተሸክሞ ዳገቱን ስለሚወጣ፣ ከቢሮዎ ደጅ አርባ ሰው ደክሞት ተጋድሞ ያገኛሉ። እባክዎ፣ አቶ ጉልላት እንዳይቆጥሯቸው።