ያልፈረምኩበት ቅጽ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ከመንገድ ሥራው ጋር እንደምን ከርመሃል? ፀሐዩ እንደማይምርህ አውቃለሁና ኮፍያህን አትርሳ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቀን አላኮረፈችኝም።

የላክኸው ቅጽ ደርሶኛል። ልጃችን ከተፈጥሮ ሳይንስ ወጥታ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንድትዛወር ፈርመሃል። እኔ አልፈረምኩም፣ አልፈርምም። ትምህርት ቤቱ የሁለታችንንም ፊርማ እስከ ዓርብ ካላገኘ እዚያው ትቀጥላለች፤ ዓርብ እስኪያልፍ እየጠበቅሁ ነው።

"በትሪጎኖሜትሪ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያመጣች ልጅ መሐንዲስ እሆናለሁ ስትል ሳቄ ይመጣል" ብለሃል። ሠላሳ አንዱ እውነት ነው። ግን ወረቀቱን አይተኸዋል? እኔ አይቼዋለሁ። ጥያቄው ታንጀንት ስኩዌር ሲደመር አንድ ከሴካንት ስኩዌር ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጪ ይላል። እሷ እኩልነቱን እንዳለ ከላይ ጽፋ፣ ግራ ቀኙን ስታባዛና ስታጣፋ ቆይታ "ስለዚህ እውነት ነው" ብላ ዘግታዋለች። መምህሯም በቀይ ሰርዘው "የምታረጋግጪውን ነገር መነሻ አታድርጊ" ብለው ጻፉባት። ልክ ናቸው። አንተም እኮ ያደረግኸው ይህንኑ ነው፤ "ሒሳብ አይሆናትም" የሚለውን ከላይ ጽፈህ ሠላሳ አንዱን ከሥር ለጠፍህበት። ለእሷ በዚያ ጥያቄ ዜሮ ከተሰጣት ለአንተ ስንት ይሰጥህ?

እሑድ ጨርቁን ሁሉ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አነሳሁና የሜትሬን ጫፍ ጥግ ላይ በስፒል ተከልኩት። አንድ ሜትር ያህል ወጥሬ በልብስ ጠመኔ ሩብ ክብ አዞርኩ።

"መስመሩ ላይ የፈለግሽበት ቦታ ነጥብ አድርጊ" አልኳት። "ከታችኛው ጠርዝ እስከ ነጥቡ ያለው ከፍታ ሳይን ነው፤ ከጎኑ ጠርዝ ያለው ርቀት ኮሳይን።"

ለካችው። ስልሳ ሴንቲና ሰማንያ ሴንቲ። ሁለቱን ወደ ሜትር ቀይራ፣ ስኩዌር አድርጋ ስትደምር አንድ መጣ። ሌላ ነጥብ አደረገች፤ ቁጥሮቹ ተቀየሩ፣ ድምሩ ያው አንድ።

"እማ፣ የትም ባደርገው አንድ ነው?"

"የትም። አይደንቲቲ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ለአንዱ አንግል አድልቶ በሌላው አይጨክንም። ከዚህ ተነሺና ሁሉንም ለኮሳይን ስኩዌር አካፍዪው።"

ያን የፈተና ጥያቄ በሦስት መስመር ጨረሰችው። ከዚያ ያካፈለችበትን መስመር በእርሳሷ ነካ አድርጋ "ኮሳይን ዜሮ ካልሆነ ነው ግን፣ በዜሮ አይካፈልማ" አለች። ይህን እኔ አልነገርኳትም፤ እንዲያውም ዘንግቼው ነበር። ደስ ከማለቱ የተነሳ እንባዬ መጣ።

አንተ ቀያሽ ነህ፤ ቁልቁለቱን በታንጀንት ስታሰላ ትውላለህ። ያን ታንጀንት የተማርክበት ደብተር የማን ጽሕፈት ነበር? አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ልጅ መምጣቷን ስናውቅ "ከሁለት አንዳችን ከጨረስን ይበቃል" አልክ፤ የትኛችን እንደሆነ ግን አላማከርከኝም። እነሆ አሥራ ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ስላልቆጨኝ አይደለም። የሰው ሱሪ ጫፍ ሳጥፍ ሁሉ ይቆጨኛል። ይህን ቁጭት ለልጄ አላወርሳትም።

ትናንት ትምህርት ቤት ሄጄ፣ የዓመቱን ማጠቃለያ በግል ለሚፈተኑ የሚሞላውን ወረቀት ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ "ለልጅሽ ነው?" አለችኝ።

"ለእኔ ነው" አልኳት።

አሥራ አንደኛ ክፍልን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። የእኔም የልጃችንም ፈተና ሰኔ መጀመሪያ፣ በአንድ ቀን ነው። ፈቃድ ጠይቅና ያን ሰሞን ና። ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ፤ ሁለታችንም ፈተና ላይ ስለምንሆን ምሳ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል።

የምትረግጠውን መሬት ያለስልስልህ፣ ጤናህን ይጠብቅልህ።

የልጅህ እናት