ኔሊዳ ከትምህርት ቤቱ በር የተመለሰች ዕለት

ልጄ ዳማሪስ፣ የሰው አገር እንደ እናት ቤት ይሁንልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ኦሩሮ ዘንድሮ ብርዱ ከፍቷል፤ ድንቹን ውርጭ መታው።

እህትሽ ኔሊዳ ማስተማር አቁማለች። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የልጆቹን ጫጫታ ሰማችና ትንፋሽ አጠራት፤ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወርድ አለች። አባትሽ፣ "አስተማሪ ደግሞ ምን ይከብደዋል? የሚሸከመው ጠመኔ!" አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ዶን ጋስፓር መጡ። ሊቆጧት መስሎኝ ነበር። አጠገቧ ተቀምጠው፣ "እኔም ለጭንቀት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም" አሏት።

ቀና አለችና፣ "እርስዎም?" አለች።

"እኔም፣ ልጄ። ብቻሽን አይደለሽም።"

አባትሽ ይህን ሰምቶ ወጣ። ሰኞ ሐኪም ቤት ይዟት የሄደው ግን እሱ ነው።

አሁን ሾርባ መቅመስ ጀምራለች። ስትደውዪ "መቼ ሥራ ትገቢያለሽ?" አትበያት፤ እንዲሁ አጫውቻት።

የከተማችን ደጀን የሶካቮኗ እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅሽ። አንቺም የከፋሽ ቀን "ደህና ነኝ" አትበይኝ፤ ከፍቶኛል በዪኝ።

እናትሽ