የጾም ቅቤና ማሽጊያው

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የዘንድሮው ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ካንቺ ኩርፊያ በቀር የጎደለኝ የለም። ስደውል አታነሺም፤ ቴክስት ባደርግ አታነቢም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ። ደብዳቤ ደግሞ ብሎክ አይደረግም።

የኮሸር ድግስ ሥራዋ ቆመ ብለሽ አስበሽ ከሆነ አልቆመም! ምኩራቡ ኩሽናውን በወር ሁለት እሁድ ይሰጠኛል። የአይሁዶቹን የምግብ ሕግም አሁን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። የሚያመሰኳውንና ሰኮናው የተሰነጠቀውን እኛም ከኦሪት እናውቀዋለን፤ ጉዱ የቀረው ላይ ነው። ጎመኑን ትል እንዳይኖርበት ቅጠል በቅጠል በመብራት አያለሁ። የሥጋና የወተት ድስት ለየብቻ ነው፣ እናታችን የጾሙንና የፍስኩን እንደምትለየው። የእነሱ ግን ፋሲካም ቢመጣ አይገናኝም። እሳቱን እንኳ የሚለኩሰው ተቆጣጣሪው ነው።

ሰውየው በእነሱ አጠራር "ማሽጊያ" ይባላል ስልሽ፣ "ሰው ነው ካርቶን?" ብለሽ ያሳቅሽኝ ትዝ ይለኛል። ዶሮም እንደ ሥጋ ስለሆነች ከወተት ጋር አትገናኝም ስልሽ ደግሞ፣ "ዶሮ የምን ጡት አላት?" አልሽኝ።

እንግዲህ ወደዚያ ወደተኳረፍንበት ቀን ልምጣ። የስልሳ ሰው ዶሮ ወጥ እየተንተከተከ፣ ልታግዢኝ የመጣሽው አንቺ ከቦርሳሽ ብልቃጥ አውጥተሽ አንድ ማንኪያ ጣል ስታደርጊ ማሽጊያው አየ። ምንድነው ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፤ እንግሊዝኛ ቻይዋ እኔ ነኛ። "ቅቤ" ስትዪ ሰምቼ ስለነበር ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ "በተር" አልኩት። በቃ። ድስቱ ከነወጡ ወጣ፤ እንግዳው ሁሉ በምስር ተሸኘ። እኔም በሰው ፊት ጮኽኩብሽ። "የጾም ነው እኮ" አልሽኝ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ጅሏ፣ "ዛሬ ደግሞ የምን ጾም አለ?" አልኩሽ። ዕቃሽን ሰብስበሽ ወጣሽ።

ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ጌይተርስበርግ ማኅበርተኞቻችን እነ በፈቃዱ ቤት ነገሩን ቀልድ አድርጌ አወራሁት። "እህቷ ቅቤ ደብቃ ጨመረች" እየተባለ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። በዚህ የተነሳ ከማኅበር እንደቀረሽ ልጅሽ ትህትና ነገረችኝ፤ አንጀቴ ተቃጠለ።

ብልቃጡን ትተሽው ነበር የሄድሽው። በእጅሽ "የጾም" ብለሽ ጽፈሽበታል። ሕጉን አስበሽ፣ ከቤትሽ በዘይት አዘጋጅተሽ ያመጣሽው የጾም ቅቤ ነው፤ የወተት ጠብታ የለበትም። እርግጥ ማሽጊያውን ስጠይቀው፣ የኮሸር ማኅተም የሌለው ነገር ዘይትም ቢሆን ኩሽናው አይገባም አለኝ። በዚህ ተከልዬ ዝም ልል እችል ነበር። ነገር ግን ማኅተሙ ስለ ድስቱ ነው፤ ስምሽን ያጠፋው የእኔ ምላስ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወሬውን በበተነው አፌ እሰበስበዋለሁ። በፈቃዱ እንደ ልቡ ይሳቅብኝ። ማሽጊያው ደግሞ ማኅተም ያለው ዘይትና ቅመም ከተገዛ፣ እዚያው ኩሽና ውስጥ አንቺው እንድታዘጋጂው ፈቅዷል። እሺ በዪኝ፤ ቤትሽ አሌክሳንድሪያ ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ።

የጾም መሆኑን መቼ አወቅሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ አንቺ ሳትጠይቂ አታልፊም። ብልቃጡን አንስቼ ጽሑፉን አንብቤ ቀና ስል፣ በኩሽናው መስኮት አየሁሽ። ፓርኪንጉ ላይ ኡበር እየጠበቅሽ ነበር፤ ዝናቡ ያካፋል። ኡበሩ ሃያ ደቂቃ ቆየብሽ፤ እኔ ግን አልወጣሁም።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ልብሽንም ያራራልኝ።

ታናሽ እህትሽ