የአባዬ ዘጠኝ እርምጃ

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ለማንም ሳትነግሪ ውኃ የሞላ ባልዲ ታነሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ያያት ሐኪም ምን አለ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራሷ ሥር ሸጉጣ፣ እስከ ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል ትላለች? ባለቤትሽስ? የሚጢጢዬ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። በደንብ እበላለሁ፣ እተኛለሁም፤ ከስተሃል ብለሽ ገና ሳታዪኝ እንዳትጀምሪ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ስልኩን ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ስለምታስቀምጪው የምናገረውን ሁሉ እማዬ ትሰማለች። ይሄን ግን መጀመሪያ አንቺ ብቻ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ደውዬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ።

የኮምፒውተር ጌማችን ሊወጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ጠዋት ለገበያ ይለቀቃል። አምስት ሰዎች ሆነን አራት ዓመት የለፋንበት ነው። ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረጂ፣ ወንድሜ ኮምፒውተር ውስጥ ያንኳኳል ትያለሽ አሉ፤ አልተሳሳትሽም። በር ሲያቃስት፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚሰማው ሁሉ የእኔ እጅ ነው። በዚህኛው ጌም ተጫዋቹ ዕቃ ሊሰበስብ ሰው ወደማይኖርበት ቤት ይገባል። ክፍል ለክፍል ይዞራል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ያገኘውን በካርቶን ያሽጋል። ዘሎ የሚያንቅ ጭራቅ የለበትም። ኮሪደሩ ላይ ግን አልፎ አልፎ ሰው ይራመዳል፤ ወጥቶ ቢያየው ማንም የለም።

ቀኑ ሲቃረብ ቢሮአችን የሠርግ ቤት መስሏል። አለቃችን፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ በቶሎ ነው የምንለው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፎ ያለቀውን በቀይ እየሰረዘ ይውላል። ማስታወቂያው ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ለመሸጫው ገጽ ሥዕል እንዲመረጥ፣ ጌም ሲጫወቱ ራሳቸውን ለሚቀርጹ ሰዎች ቀደም ብሎ እንዲላክ፣ ትርጉሙ እንዲታረም፣ የቀረው እንከን እንዲለቀም። ከመጪው አርብ በኋላ ደግሞ ምንም ነገር መንካት ክልክል ነው። ለሙከራ በነጻ የለቀቅነውን ቁራጭ የሞከሩት ሰዎች የጻፉት ሁሉ ስለዚያ እርምጃ ነው። አንዱ፣ ሲመጣ ሳይሆን ሲሄድ ነው ሆዴን ያባባው ብሏል። በቶሎ ይሄን አንብቦ እጁን እያፋተገ ማስታወቂያው በእርምጃው ይጀምር አለ።

እታለም፣ ያ እርምጃ የአባዬ ነው።

ቆይ፣ አትቆጪ፣ ከሥሩ ልንገርሽ። አባዬ ከማረፉ አራት ወር ቀደም ብሎ ስለ እማዬ መድኃኒት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ታስታውሻለሽ? ነግረሽኝ ስትጨርሺ መቅጃውን ሳታጠፊ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ያው የተለመደው ያንቺ ነገር። ስድስት ደቂቃ ሲቀዳ ቆይቶ፣ ተመልሰሽ ስታነሺው ተላከልኝ። እኔም ያን ቀን የመጀመሪያውን አርባ ሰከንድ ሰምቼ፣ የመድኃኒቱን ስም ጻፍኩና የቀረው ባዶ ነው ብዬ ተውኩት። አባዬ ካረፈ በኋላ ለጌሙ የሚያነክስ ሰው ኮቴ ፈልጌ አጣሁ። ሠዓሊያችንን እያነከስክ ሂድልኝ አልኩት፣ እኔም ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ከትቼ ተንከላወስኩ፤ ሁሉም ውሸት ውሸት ይላል። በመጨረሻ የቤታችን በር ድምፅ እንኳ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ያንን መልእክት ከፈትኩት።

የእኛ ሥራ እኮ ከጆሮ ይልቅ በዓይን ነው የሚሠራው። ኮምፒውተሩ ድምፁን መስመር አድርጎ ያሳይሻል፤ ጮክ ያለው ያብጣል፣ ዝም ያለው ይተኛል። እሱን እያየሽ ትቆርጫለሽ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የለም። ወደ መጨረሻው ዘጠኝ ጉብታ አየሁ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። ስሰማው የአባዬ ነጠላ ጫማ ነው፣ ያቺ የማትታጠፍ ግራ እግሩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ለቀብሩ እንኳ ያልደረስኩ ልጅ፣ በሥራዬ ውስጥ ይኑርልኝ ብዬ ደስም አለኝ። ከእርምጃው በፊት አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚሆን የተኛ መስመር ነበር። ባዶ ክፍልም የራሱ ዝምታ ስላለው እኛ እሱንም እንቀዳለን፤ አለዚያ ጌሙ በድን ይሆናል። የቤታችን ዝምታ ነው ብዬ ቆረጥኩና በሁሉም ክፍሎች ሥር አነጠፍኩት። ከዝምታው ግራና ቀኝ ትንንሽ ጭረቶች ነበሩ፤ የመንገድ ጫጫታ መስለውኝ ጣልኳቸው።

እዚህ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ጌሙን እየተጫወተች እንከን የምትፈልግ ልጅ አለች፤ ነገረኛዋ እንላታለን፣ ስሙንም ትወደዋለች። ባለፈው ወር ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ እንከን ብላ የመዘገበችው፣ ባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ ሰው ይተነፍሳል የሚል ነው። አዳምጬ ምንም አጣሁ። ማዳመጫው ጆሮሽን ስለሚደፍነው የራስሽን ትንፋሽ ነው የምትሰሚው ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ መልሳ ከፈተችው። ሰውየው እየጠበቀ ነው፣ የሚጠብቅ ሰው አተነፋፈስ አይጠፋኝም አለች። ሳቅኩባት። በልጅነቴ በር ሳይከፈት የመጣውን ሰው በኮቴው ስለምለይ አባዬ ጆሮው ብሎ ስም ያወጣልኝ እኔ፣ ሳቅኩባት።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ረፋድ በቶሎ ለማስታወቂያው ዋናውን ቅጂ አምጣ አለኝ። ከፈትኩት። ዳቦ በማርማላታ እየበላሁ ስለነበር በተጨማለቀ እጄ ማውሱን ላለመንካት ብዬ ከመጀመሪያው ዝም ብዬ ለቀቅኩት። አንቺ ስለ መድኃኒቱ ተናገርሽ፣ በሩን ዘጋሽ። ብዙ ቆይቶ፣ ኮቴው በመንገዱ ጫጫታ ተውጦ፣ ሰው ገባ። ወደ ስልኩ ቀረበ። ከዚያ አባዬ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፁ፣ ጆሮው፣ አለህ ወይ አለ።

መቅጃው የሚቆጥረውን ሰከንድ አይቶ እኔ መስመር ላይ ያለሁ መስሎት ነው፣ እታለም። ቁጥሩ እየሄደ ነው፣ አልተቋረጠም አለ ለራሱ። ከዚያ ጠበቀኝ። ያ የቤታችን ዝምታ ያልኩት፣ በጌሙ ሁሉ ሥር ያነጠፍኩት፣ አባዬ መልሴን ሲጠብቅ ነው። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምንም አይደል፣ ደኅንነትህን ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። ለራሱ ደግሞ፣ ሥራ ይዞት ነው አለ። እና ዘጠኝ እርምጃ ሄደ፣ በሩም ተዘጋ። ያ ሰው ሁሉ ሲፈራው የከረመው እርምጃ እኔን ጠርቶ መልስ ሲያጣ የሄደው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ስገባ እሱን ነው የምሰማው። ነገረኛዋ ስትጫወት፣ ሠዓሊው ሥዕሉን ሲሞክር፣ በየኮምፒውተሩ አባዬ ቆሞ ይጠብቃል። እንዴት ሳልሰማው እንደቆየሁ እንጃ፤ አሁን ደግሞ ማዳመጫውን ባወልቀውም አይለቀኝም። ለነገረኛዋ ነገርኳት። ነግሬህ ነበር አላለችም፤ ማዳመጫዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። በቶሎ ሲሰማ ታሪኩን ለጋዜጠኞች ብንነግር ጌሙን ያነሳዋል አለ። አባቴን ማስታወቂያ አታደርገውም አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በማግስቱ እርምጃውን ከማስታወቂያው ላይ ራሱ አወጣው።

ጌሙ ውስጥ ግን አለ። ኮዱን የሚጽፈው ባልደረባዬ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሠርቶልኛል፤ እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ የአባዬን ድምፅ በሙሉ አጥፍቼ በእኔው ጠጠር ባለበት ጫማ ልተካው እችላለሁ። አንቺና እማዬ አውጣው ካላችሁ አወጣዋለሁ፣ ማንም አያግደኝም። ይቆይ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። ጥሪውን አላስገባሁትም፤ እሱ የእኛ ነው። ተጫዋቹ ግን አሁን በማንኛውም ክፍል ሆኖ አቤት ማለት ይችላል። በል የሚለው የለም፤ እንደፈቀደው ነው። ድምፁ የእኔ ነው። አንዲቷን ቃል ለመቅዳት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሞከርኩ፤ አንዴ የቢሮ ሰው ሆኜ፣ አንዴ ለቅሶ ሆኖብኝ፣ የልጅነት አቤቴን ፈልጌ ሳጣው ዋልኩ።

ተጫዋቹ ዘጠነኛው እርምጃ ሳያልቅ አቤት ካለ፣ እርምጃው ይቆማል። በሩም አይዘጋም። ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ፈልጌ ነበር፤ ሲመለስ የተቀዳ የለኝም። ዘጠኙን ገልብጬ ሞከርኩ፣ የእሱ አረማመድ አልሆነም። ስለዚህ ቆሞ ይቀራል፤ ጌሙም እዚያ ላይ ያልቃል።

አሁን የምጠይቅሽን አትደብቂኝ። ያን ቀን ተመልሰሽ ስልኩን ስታነሺ አባዬ የት ነበር? ጠርቼው ዝም አለኝ ብሎሽ ነበር? ቅር ብሎት ነበር? ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ወራት ስደውል ስልኩን ለእናትህ ልስጣት እያለ ቶሎ የሚያቀብለው ለዚህ ይሆን እያልኩ አንጀቴ ተበጥሷል። እውነቱ የሚያምም ቢሆንም ንገሪኝ። ለእማዬም አንቺ በምታውቂው መንገድ ንገሪያትና ፈቃዷን ጠይቂልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ መነጽሩንም ከትራሱ ሥር አውጪው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስለ መኪናው ያለኝን አልረሳሁም። ሚጢጢዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንን፣ የሰፋችልኝ ሸሚዝ እስከ አሁን አንድ ቁልፍ እንዳልጣለ ንገሪያት።

መልስሽን በድምፅ ላኪልኝ። ተናግረሽ ስትጨርሺም መቅጃውን አታጥፊው፤ መስኮቱ ላይ አስቀምጪውና ወደ ሥራሽ ሂጂ። እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።

ወንድምሽ
ጆሮው

ከድምፅ ክፍሉ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን