የገዛ ደሜን መልሳችሁ ስለወጋችሁት ትከሻዬ

በሸዋ ሮቢት ከአውራ ጎዳናው ዳር ለሚገኘው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ክሊኒክ
ለክቡር ሥራ አስኪያጁ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ደም የምታሽከረክረው ማሽንዎም ጭምር ደህና ናቸው? ሁለቱም ትከሻዎችዎ ሳይነኩ እስከ እርጅና እንዲያደርሱዎ አላህን እለምናለሁ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ የአንድ ትከሻ ዋጋ ምን እንደሆነ በቅርቡ አውቄያለሁና።

እኔ ሷሊሕ ሙዐዊያ እባላለሁ፤ ከጀውሃ በታች ማሽላ የምዘራ ገበሬ ነኝ። በጥቅምት መጀመሪያ ከክንዴ ደም ቀድታችሁ፣ በማሽን አሽከርክራችሁ፣ ቢጫውን ፕላዝማ ለይታችሁ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ መልሳችሁ የወጋችሁኝ ሰው ነኝ። ወደ እናንተ ያመጣኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ሕመሙንማ ሁለት ዓመት ችዬው ኖሬያለሁ። አባቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ነበርና አንድ ቀን አስጠርተው ወሲያቸውን፣ የኑዛዜ ቃላቸውን፣ ነገሩኝ፤ የሞቱ እንደሆነ ገላቸውን ከእኔ ከልጃቸው በቀር ማንም እንዳያጥባቸው። ጀናዛ እያገላበጡ ማጠብ የሁለት ብርቱ እጆች ሥራ ነው። ስለዚህ ትከሻዬን ለአባቴ ላዘጋጅ ብዬ መጣሁ።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን አንድ ላይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፤ ሐኪምዎም ዕድሜዬን፣ ቀበሌዬንና ስልክ ቁጥሬን ሳይሰለቹ ጠይቀው መዘገቡ። ሥራዬን ግን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ግሪሳ ወፍ ማሽላችን ላይ በሚወርድበት ወቅት ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ እንደምወነጭፍ፣ ትከሻዬንም የጨረሰው እሱ እንደሆነ እነግራቸው ነበር። ትከሻ የሚያክም ሰው ትከሻው ምን ሲሠራ እንደኖረ ለመጠየቅ ጊዜ ቢያጣ አልፈርድበትም፤ የዚያን ቀን ወረፋው ብዙ ነበር።

፪ኛ. ስወጣ ሐኪምዎ በነጋታው ሥራዬን መቀጠል እንደምችል አብሥረውኝ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሚያምር ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከመታወቂያዬ ጋር አስቀመጥኩትና በነጋታው ማማዬ ላይ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ወንጭፉን አዙሬ ስለቀው ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አይወጣም። በኋላ የእህቴ ልጅ ዓሊያ ወረቀቱን ስታነብልኝ፣ ለስድስት ሳምንት ክንዴን ከራሴ በላይ እንዳላነሳና ምንም ነገር እንዳልወረውር ይመክር ኖሯል። እንዲህ ያለውን ጠቃሚ ምክር በኪሴ አስይዛችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀድሜ ባለማስነበቤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ነገር ግን ማሽላው እሸት ይዞ ነበር፣ የሐኪምዎን ቃልም አምኜ ነበር።

፫ኛ. ይህኛው በቁጥር የሚጻፍ አልሆነልኝም። አባቴ በኅዳር አጋማሽ፣ ጁምዓ ጧት አረፉ። ውሃው ቀረበ፣ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ከመስጊዳችን ሙአዚን ጋር ገባሁ፣ በሩ ተዘጋ። ከቀኝ ጎናቸው ለመጀመር ቀና ላደርጋቸው ስሞክር እጄ ከዳኝ፤ ከማጠቢያው እንጨት ላይ ሊወድቁብኝ ሲሉ ሙአዚኑ ደርሶ ያዛቸው። ቦታዬንም ወሰደ። እኔ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጄ ይዤ ውሃ ሳፈስ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው የተለመንኩትን ገላ ሌላ ሰው ሲያጥበው ቆሜ አየሁ። ኢማማችን ውሃውን ያፈሰስከው አንተ ነህና ወሲያው ተፈጽሟል ብለው አጽናንተውኛል። እኔ ግን አባቴ የለመኑኝ ምን እንደነበር አውቃለሁ፤ እስካሁንም ሐዘኑ አልወጣልኝም።

ካሳ አልጠይቅም። ትከሻዬንም መልሱልኝ አልልም። ሐኪምዎ የሰውን ሥራ እንዲጠይቁ፣ ያቺ ወረቀትም በአማርኛ እንድትጻፍ ብቻ በትሕትና አመለክታለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ገበሬ አባቱ ገና በሕይወት ይኖሩ ይሆናልና።

ለክሊኒክዎ ብዙ ደንበኛ፣ ለማሽንዎ የማይቋረጥ መብራት፣ ለእርስዎም በመጨረሻው ቀን የሚያገላብጥዎ ጤነኛ ልጅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ሷሊሕ ሙዐዊያ
ከጀውሃ በታች

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ያወጣሁት ላሳፍርዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ሰኞ በርዎ አጠገብ ከተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ልክተተው መጥቼ ነበር፤ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ ኖሮ አልገባ አለኝ።